የአመራር መጽሐፍ እያነበብን የሠራናቸው ስህተቶች

ሐዋሳ ላይ አምስት ሆነን ዳቦ ቤት ስንከፍት ሦስታችን የአመራር መጽሐፍ ከእጃችን አይጠፋም ነበር። ያም ሆኖ አንድ ማታ በአሥር ደቂቃ ተስማምተን የገዛነው የኤሌክትሪክ ምድጃ አራት ወር ሙሉ ላስቲኩ ሳይነሳ ተገተረ። ምድጃው ስሪ ፌዝ (ባለ ሦስት መስመር ኤሌክትሪክ) ይፈልጋል፤ የቤታችን ግን ሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ መስመር) ነው። ይህን ከመካከላችን ሁለቱ ያውቁ ነበር። አልተናገሩም።

ታላቅን መጀመሪያ ማናገር

ዋናው ስህተታችን ይሄ ነው። ጋሼ የምንላቸው ሸሪካችን ገና ቡናው ሳይቀርብ «እኔ ይገዛ ባይ ነኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን አፉን ይከፍታል? ቀጣዩ «ጋሼ እንዳሉት» አለ፣ ሌላውም እንደዚያው። ታላቅን ማክበር ይቅር አልልም። ተራውን መገልበጥ ይበቃል። አሁን ከታናሽ ጀምረን ጋሼ መጨረሻ ላይ ይናገራሉ።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲም ዋጋ ከፍለው ነው የተማሩት። እ.ኤ.አ. በ1961 እሳቸው የፈቀዱት የኩባ ወረራ የከሸፈው፣ ከአማካሪዎቻቸው አንዳንዶቹ ጥርጣሬያቸውን ውጠው ከተቀመጡ በኋላ ነበር። በ1962 ሶቪየት ኅብረት ኩባ ላይ ሚሳኤል አስቀምጣ ቀውስ ሲመጣ ኬኔዲ ከአንዳንድ ስብሰባዎች ሆን ብለው ቀሩ። ሰዎቹ ፊታቸውን እያዩ እንዳይናገሩ ነው።

ዝምታን እሺታ ማድረግ

ዝምታ ወርቅ ነው የተባለው ለሸሪኮች ስብሰባ አይመስለኝም። እዚሁ አጠገባችን የሲዳማ ሽማግሌዎች ሲመክሩ «አፊኒ» ይላሉ፤ ሰማችሁ ወይ እንደማለት ነው። እኛ ግን «ተቃውሞ አለ?» ብለን ወደ ሂሳብ እንሮጣለን። እያንዳንዱን ሰው በየተራ «አንተስ?» በሉት።

ግምትን ጮክ ብሎ መናገር

በቀን ስንት ዳቦ ይሸጣል ስንል አንዱ 3,000 አለ። የቀረነው እዚያው ዙሪያ ስንንከላወስ አመሸን። በየወረቀቱ ጽፈን ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1906 እንግሊዝ አገር ፕሊመዝ ውስጥ በነበረ የከብት ትርኢት ላይ ሰዎች የአንድ በሬ ሥጋ ስንት እንደሚመዝን ለየብቻ ገምተው ጽፈው ነበር። ፍራንሲስ ጋልተን የሚባል የሳይንስ ሰው 787 ወረቀቶችን ደርድሮ መካከለኛውን ሲያይ ወደ 547 ኪሎ ሆነ። ሚዛኑ ያለው 543 ነው።

ያሸነፉትን ብቻ ማንበብ

የአመራር መጽሐፍ ጸሐፊው ጂም ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው መጽሐፉ 11 ኩባንያዎችን አርአያ አድርጎ ነበር። ከእነሱ አንዱ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሻጩ ሰርኪት ሲቲ፣ በ2008 ኪሳራ አወጀ። መጽሐፉን አትጣሉት፤ የከሰረው ጎረቤታችሁንም ግን ሻይ ጋብዙና ጠይቁት።

ቃለ ጉባኤ አለመያዝ

ማን ምን እንዳለ ካልተጻፈ፣ ሲከስር ሁሉም «እኔ ብዬ ነበር» ይላል። በቃ።

የሚጠራጠረውን ሟርተኛ ማለት

ጋሪ ክላይን የሚባል የሥነ ልቦና ሰው ጥሩ ዘዴ አለው። ከመወሰናችሁ በፊት ሥራው ከስሯል ብላችሁ አስቡ፤ ከዚያ ሁሉም ለየብቻው ምክንያቱን ይጻፍ። ሁሉም ሟርተኛ ሲሆን ማንም አያፍርም። ባለፈው ወር ለዳቦ ማድረሻ ባጃጅ ልንገዛ ስንል ሞከርነው። መጀመሪያ የተከፈተው ወረቀት የጋሼ ነበር፦ «ማን ሊነዳው ነው?»

ከአምስታችን መንጃ ፈቃድ ያለው አልነበረም።