ሼርድ ፎልደር ለማን ይታይ? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፋይናንስ፣ የሰው ሀብትና የግዥ ፎልደሮች በአንድ ዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ሼር ተደርገው (በኔትወርክ ለሌሎች ኮምፒውተሮች ተከፍተው) ሲቀመጡ ሁሉም ሠራተኛ ሁሉንም ማየት የለበትም። «የዲሲፕሊን ጉዳዮች» የሚል የፎልደር ስም ይዘቱ ሳይከፈት እንኳ ወሬ ያስነሳል። ችግሩ የሚፈጠረው አብዛኛውን ጊዜ በሚከተሉት ስህተቶች ነው።

መደበቅን እንደ መቆለፍ መቁጠር። በሼሩ ስም መጨረሻ ላይ $ ሲጨመር ሼሩ ከሰርቨሩ ዝርዝር ይጠፋል። ስሙን የሚያውቅ ሰው ግን ሙሉ አድራሻውን ጽፎ ሊገባ ይችላል። በግሩፕ ፖሊሲ (የብዙ ኮምፒውተሮችን ቅንብር ከአንድ ቦታ በሚወስነው መሣሪያ) ድራይቭ ለፋይናንስ ብቻ ማደልም ሌላውን ሠራተኛ አያግድም። የሚያግደው ፈቃድ ብቻ ስለሆነ አስቀድመው እሱን ያስተካክሉ።

ሁለቱን ፈቃዶች ማምታታት። በፎልደሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ አንዱ በሼሪንግ፣ ሌላው በሴኩሪቲ ትር ላይ ይሰጣል። በኔትወርክ ለሚመጣ ሰው ሁለቱም ስለሚመረመሩ የሚጸናው ጠበቅ ያለው ነው፤ ሼሩ ላይ «ሪድ» (ማንበብ) ብቻ ካለ ሴኩሪቲ ላይ «ሞዲፋይ» (መለወጥ) ቢሰጡትም መጻፍ አይችልም። ሼሩ ላይ ለኦተንቲኬትድ ዩዘርስ (በስማቸውና በይለፍ ቃላቸው ለገቡ ሁሉ) «ቼንጅ» (መለወጥ)፣ ለአድሚኖች «ፉል ኮንትሮል» (ሙሉ ሥልጣን) ሰጥቶ ዝርዝሩን በሴኩሪቲ መጨረስ ይሻላል። ለተራ ተጠቃሚ ሼሩ ላይ «ፉል ኮንትሮል» አይስጡ፤ ራሱ የፈጠረውን ፎልደር ፈቃድ እንደፈለገው መለወጥ ይችላል።

ከላይኛው ፎልደር ወደ ታችኛው የሚወረሰውን ፈቃድ ሳይቆርጡ ማጣሪያውን ማብራት። ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አክሰስ ቤዝድ ኢኑሜሬሽን የሚባለው ማጣሪያ ተጠቃሚው የማንበብ ፈቃድ የሌለውን ፎልደር ከዓይኑ ይሰውራል። ነገር ግን «ዩዘርስ» የሚባለው ግሩፕ ከድራይቩ የላይኛው ደረጃ የማንበብ ፈቃድ ስለሚወርስ ማጣሪያው በርቶም ሁሉም ነገር ይታያል፤ ከዚያ «አይሠራም» ይባላል።

አሠራሩ ይህ ነው። «ዳታ» የሚባል አንድ ዋና ፎልደር ፈጥረው ሼር ያድርጉ፤ የየክፍሉ ፎልደር በሥሩ ይሁን። በሴኩሪቲ፣ አድቫንስድ ውስጥ «ዲሴብል ኢንሄሪታንስ» የሚለውን ተጭነው የወረሱት ፈቃዶች ወደ ቀጥተኛ እንዲለወጡ ይምረጡ። ከዚያ የ«ዩዘርስ» መስመሮችን በሙሉ ያጥፉ፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ናቸው። አድሚኒስትሬተርስና ሲስተም (ዊንዶውስ ራሱ) «ፉል ኮንትሮል» እንደያዙ ይቆዩ። ለሁሉም ሠራተኞች ግሩፕ «ሪድ ኤንድ ኤክስኪዩት» (ማንበብና መክፈት) ይስጡና «አፕላይስ ቱ» በሚለው ቦታ «ዚስ ፎልደር ኦንሊ» (ይህ ፎልደር ብቻ) ይምረጡ። ይህ ከተረሳ ፈቃዱ ወደ ታች ይወርድና ሁሉም ነገር እንደገና ይታያል። ቀጥሎ በየንዑስ ፎልደሩ ለሚመለከተው ግሩፕ ብቻ «ሞዲፋይ» ይስጡ። በመጨረሻ በሰርቨር ማኔጀር «ፋይል ኤንድ ስቶሬጅ ሰርቪስስ»፣ «ሼርስ» ውስጥ የሼሩን ፕሮፐርቲስ ከፍተው በሴቲንግስ ማጣሪያውን ያብሩ።

ማጣሪያው የሚሰውረው በሼሩ ውስጥ ያለውን እንጂ ሼሩን ራሱን አይደለም። ለእያንዳንዱ ክፍል የተለየ ሼር ከከፈቱ ስሞቹ በሰርቨሩ ዝርዝር ላይ ይቀራሉ። አንድ ሼር፣ በሥሩ ብዙ ፎልደር የሚመረጠው ለዚህ ነው።

«ዲናይ» (መከልከል) መጠቀም። «ሠራተኞች» የሚለውን ግሩፕ ከፋይናንስ ፎልደር በ«ዲናይ» ካገዱ የፋይናንስ ኃላፊዋም የዚያ ግሩፕ አባል ስለሆኑ ይታገዳሉ። የማይመለከተውን አለመፍቀድ በቂ ነው።

ለየሰው ስም ፈቃድ መስጠት። ሰው ሲዛወር ወይም ሲለቅ ፈቃዱ ተረስቶ ይቀራል፤ በግሩፕ ይስጡ። አዲስ አባል ሲጨመር ሳይን አውት አድርጎ እንደገና መግባት አለበት፤ ስክሪን መቆለፍ አይበቃም።

ጥልቅ ውስጥ ፈቃድ ሰጥቶ መንገዱን መርሳት። ኦዲተሩ በ«ፋይናንስ» ሥር ላለው «ኦዲት» ብቻ ከተፈቀደለት «ፋይናንስ» ራሱ ስለሚሰወርበት እየከፈተ መድረስ አይችልም። በ«ፋይናንስ» ላይ «ዚስ ፎልደር ኦንሊ» የሆነ የማንበብ ፈቃድ ይስጡት፤ ሌሎቹ ፋይሎች አሁንም አይታዩትም። «ኦዲት»ን ወደ ላይ ማውጣት ከተቻለ ደግሞ የተሻለ ነው፤ የፈቃድ ቅርንጫፍ ሲበዛ ማንም አያስታውሰውም።

ፋይል ቆርጦ ማዛወር። በአንድ ድራይቭ ውስጥ ኮፒ የተደረገ ፋይል የአዲሱን ፎልደር ፈቃድ ይወስዳል፤ የተዛወረ ግን የቀድሞውን ይዞ ይሄዳል። ለሁሉም ክፍት ከነበረ ፎልደር ወደ ሰው ሀብት የተዛወረ ሰነድ ፎልደሩ ቢሰወርም ሙሉ አድራሻውን ለሚያውቅ ሰው ክፍት ሊሆን ይችላል። ስሱ ሰነድ ሲሆን ኮፒ አድርገው የድሮውን ያጥፉ።

በአድሚን አካውንት መሞከር። አድሚኒስትሬተር ሁሉንም ያያል፤ ሰርቨሩ ላይ ተቀምጦ ድራይቩን በቀጥታ ለሚከፍትም ማጣሪያው አይሠራም። የአንድ ክፍል ግሩፕ አባል ብቻ የሆነ የመሞከሪያ አካውንት ፈጥረው ከሌላ ኮምፒውተር ይግቡ። ከራስዎ ዊንዶውስ ሳይወጡ በሁለተኛ ስም ለመገናኘት ቢሞክሩ ወደ አንድ ሰርቨር በሁለት ስም መገናኘት ስለማይፈቀድ ስህተት 1219 ይመጣል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩን ራሱን በመሞከሪያው አካውንት ይክፈቱ።