የቤታችንን ሳምንት ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ 9 ዓመቷ ነው፤ ትንሹ ገና 5 መሙላቱ ነው። እናቴም አብራን ትኖራለች። መጻፍ ሥራዬ ነው፤ ስለ ቤቴ መጻፍ ግን ከሌላው ሁሉ ሲከብደኝ ኖሯል። ባለፈው ኅዳር አንድ ሳምንት ሙሉ፣ ከሰኞ እስከ እሁድ፣ ልጆቼ ያሉትንና ያዩትን ለመመዝገብ ቆርጬ ተነሳሁ። ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። ልጅ ያላችሁና መጻፍ የምትወዱ እንዳትደግሙት።

«ማታ እጽፈዋለሁ» ማለት

ሰኞ ጠዋት ትልቋ ጫማዋን እያሰረች ስለ ነፋስ አንድ ነገር ተናገረች። በጣም ደስ አለኝ። እጄ ግን በሶ ላይ ነበር። «ማታ እጽፈዋለሁ» አልኩ። ማታ እንግዳ መጣ። ማክሰኞ ማታ መብራት ጠፋ። ረቡዕ ቁጭ ብዬ ላስታውሰው ስሞክር የቀረችልኝ «ነፋስ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። ልጄን ብጠይቃት እሷም ረስታዋለች። በቃ፣ ጠፋ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ ወዲህ አንድ ትንሽ ደብተር ማድ ቤት፣ ጨው ዕቃው አጠገብ ተንጠልጥሏል። እርሳስ በክር ታስሮበታል። እስክሪብቶ በእኛ ብርድ ጠዋት ጠዋት ይለግማል፣ እርጥብ እጅም አይወድም። ሦስት ነገር ይበቃል፦ ማን አለ፣ የት ሆኖ አለ፣ በትክክል ምን አለ። ሌላው ይደርሳል።

የልጅን ቃል ማቃናት

ይሄኛው የባሰ ነው፤ መጻፍ የለመደ ሰው ሁሉ ያጠፋዋል። ዓርብ ማለዳ ትንሹ በሩን ከፍቶ ወጣና እየሮጠ ተመለሰ። «እማዬ፣ ሣሩ ሸብቷል!» ወጥቼ አየሁ። ግቢው ነጭ ሆኗል። እያንዳንዷ ሣር ጫፏ ላይ ጥቃቅን የበረዶ ፀጉር አብቅላለች፤ በጣት ስትነካ ወዲያው ትቀልጣለች። እኔ ደብተሩ ላይ ምን ብዬ ጻፍኩ? «ዛሬ ከባድ ውርጭ ነበር።»

እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ከኋላዬ ቆማለች። «አመዳይ ነው» አለች። መንዝ ነው ያደገችው። ትንሹ ቀበል አድርጎ «አመድ ነው እንዴ፣ እማማ?» አለ። ጎንበስ ብሎ ዳሰሰውና «ቀዝቃዛ አመድ!» ብሎ ጮኸ። ቃሉን ዕድሜ ልኬን ስሰማው ኖሬያለሁ። አመድ ውስጡ እንደሚሰማ ግን ልብ ብዬ አላውቅም።

የጻፍኩትን ሰርዤ የእነሱን ቃል አሰፈርኩ፦ ሸብቷል፣ አመዳይ፣ ቀዝቃዛ አመድ። ማብራሪያው አይጠፋም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ጥርት ሲል ምድርን የሚያለብስ ደመና የለም። ቀን የያዘችው ሙቀት ወደ ሰማይ ይወጣል። ሣሩ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዝና የአየሩ እርጥበት እላዩ ላይ በረዶ ይሆናል። ይሄን ዛሬም ነገም መጻፍ እችላለሁ። «ሣሩ ሸብቷል»ን ግን እሱ ባይለው ኖሮ ከየትም አላመጣውም ነበር።

ትልቅ ቀን መጠበቅ

ባለፈው ዓመት አንኮበር ይዣቸው ስሄድ አዲስ ደብተር ገዝቼ ነበር። ስለ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ልጆቹ እስከ ዛሬ የሚያወሩት መንገድ ላይ ስላዩት ጭላዳ ነው። ቁጭ ብሎ ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ ሲበላ ቆመው አይተውታል። እሱን አልጻፍኩትም።

ለመልስ መቸኮል

ቅዳሜ ሸዋ ሮቢት እህቴ ጋ ወረድን። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጣርማ በር ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጣሊያን ያስቆፈረው ዋሻ ያልፍና ቁልቁለቱ ይጀምራል። ደብረ ሲና ላይ ሹራብ ይወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ላብ ነው። ከግማሽ ቀን ባነሰ ጊዜ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርዳላችሁ።

ትንሹ ውሃውን ጠጥቶ የጨረሰበትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ደብረ ብርሃን ላይ ከድኖ ይዞት ነበር። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጠርሙሱ ጎኑ ገብቶ ተጨማዷል። «ማን ረገጠብኝ?» ብሎ እህቱ ላይ ተነሳ። ስለ አየር ግፊት ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ግን ምላሴን ያዝኩ። ትልቋ ጠርሙሱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ክዳኑን ስትከፍት ፍስስ አለና ጎኑ ተመለሰ። ሁለቱም ዝም አሉ። «አየር ጠጣ» አለች። ትንሹ «ጠምቶት ነው» አለ።

በማግስቱ ስንመለስ ማንም ሳይነግራቸው እንደገና ከድነው ያዙት። ደብረ ብርሃን ስንገባ ጠርሙሱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ትንሹ እናቴ ፊት ይዞት ሄደና ከፈተው። «እማማ፣ የሸዋ ሮቢት አየር አመጣሁልሽ።»

ያኔ አስረዳኋቸው። ቆላ ላይ ከበላያችን ያለው አየር ብዙ ስለሆነ ይጫናል፤ ደጋ ላይ ይሳሳል። ትልቋ ትንሽ አሰበችና «ለዛ ነው እንዴ አክስቴ ቤት ምስር ቶሎ የሚበስለው?» አለችኝ። እናቴ ሁልጊዜ የምስሩ ዓይነት ነው ትል ነበር። አዎ፣ ለዛ ነው። አየሩ በሳሳበት ውሃ ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል። እኛ ጋ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ እህቴ ጋ ወደ 96 ይጠጋል። መኪና ውስጥ ቸኩዬ ባስረዳቸው ኖሮ የምስሩ ጥያቄ አይመጣም፤ ለእናቴም በጠርሙስ አየር አይመጣላትም ነበር።

ሳይጠይቁ መጻፍ

አንድ ጊዜ ትልቋ በፈተና ውጤት ያለቀሰችበትን ማታ ጽፌ ለሰው አስነበብኩ። በፍቅር ነው የጻፍኩት። ጽሑፉ ግን ዞሮ ዞሮ የክፍል ጓደኛዋ እናት ጋ ደረሰ። ከዚያ ጓደኛዋ ሰማች፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። ልጄ ለብዙ ቀን ከእኔ ጋር ማውራት ተወች። መልሳ ማውራት ስትጀምር ደግሞ በየመሃሉ «ይሄንንም ልትጽፊው ነው?» ትለኝ ነበር። ይሄን ጥያቄ ከገዛ ልጅ አፍ መስማት ያማል።

አሁን እሁድ ማታ ደብተሩን አወርድና ለሁለቱም አነብላቸዋለሁ። ትንሹ ሁሉንም «ጻፊው!» ስለሚል የእሱን እኔው እመዝናለሁ። ትልቅ ሲሆን የሚያፍርበት ከመሰለኝ ደብተሩ ውስጥ ይቀራል። ትልቋ ግን እርሳሱን ትቀበለኛለች። በዚያ የኅዳር ሳምንት የጠርሙሱን ፈቀደች። የምስሩን «ጻፊው፣ ግን እኔ ነኝ ያልኩት በይ» አለችኝ። ሐሙስ ማታ አልጋዋ ውስጥ ሆና የነገረችኝን ቀስ ብላ አነበበችና ላዩ ላይ አሰመረችበት። ሐሙስን እዚህ የማታገኙት ለዚህ ነው።