ሐይቅ ዳር ያለ የብረት አጥር ቀለሙ እየተላጠ ላስቸገራችሁ

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለው የሰፈራችን የጋራ መናፈሻ በብረት የታጠረ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የምንንከባከበው እኛው ነዋሪዎቹ ነን። ችግሩ ይሄ ነበር፦ ቀለም በቀባን በወሩ ብየዳው አካባቢ ያብጣል። በጣት ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል፤ ከሥሩ ዝገት ነው።

መጀመሪያ በላዩ ደርበን ቀባን። ተላጠ። ውድ ቀለም ገዛን። እሱም ተላጠ። በብርጭቆ ወረቀት ላይ ላዩን አሽተን ቀባነው፤ ትንሽ ቆይቶ ያው ሆነ።

የሠራው እንዲህ ነው። አሮጌውን ቀለምና ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፋቅነው። ቲነር በነካ ጨርቅ ወለወልነው። ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ሐይቅ ዳር ጠዋት ጠዋት ብረቱ ላይ ጤዛ ያድራል፤ በዓይን ባይታይም መዳፍ ላይ እርጥበቱ ይታወቃል። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ብሩሽ አናነሳም። የተፋቀውን በዚያው ቀን አንቲረስት (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ ዝገት መከላከያ) እንቀባዋለን፤ ካደረ መልሶ ይዝጋል። እሱ ሲደርቅ ቀለሙን ሳሳ አድርጎ ሁለት ጊዜ መቀባት ነው።

የቋሚዎቹ እግር ግን በዚህ ብቻ አልዳነም፤ ውኃ ይቋጥር ነበር። ዙሪያውን ውኃው ወደ ውጭ እንዲፈስ አዘቅዝቀን በሲሚንቶ ሞላነው። ክረምቱ አልፎ አጥሩ እስካሁን ደህና ነው። እናንተም ከጥቅምት በኋላ ጀምሩት፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ፋታ አይሰጥም።