ያለቀበትን የመኪና በር ፓኔል በአዲስ ቪኒል እንዴት እናልብሰው?

የመኪና በር ልብስ በአንድ ቀን አያልቅም። መጀመሪያ ክንድ የሚያርፍበት ቦታ ይላጣል። ቀጥሎ የውስጡን ሰሌዳ የሸፈነው ቪኒል፣ ማለትም ቆዳ መሰሉ ፕላስቲክ፣ ይደርቅና ስንጥቅጥቅ ይላል። በመጨረሻ የታችኛው ጠርዝ ከሰሌዳው ተላቆ መጠቅለል ይጀምራል።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ቪኒልና ማስቲሽ ገዝቶ ከላይ ይለጥፋል። እኔም የመጀመሪያዬን እንዲሁ ነው የሠራሁት። ዝናብ ሲመጣ ከታች አብጦ ተነሳ። ስፈታው ሰሌዳው ውሃ ጠጥቶ እንደ ራሰ ካርቶን ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ሁሌም ከጀርባ ነው የምጀምረው።

ጉዳቱ አንዲት ትንሽ ቅዳድ ብቻ ከሆነች ግን ሁሉንም መግፈፍ አያስፈልግም። ቦታውን በአልኮል አጽዱ። ከቅዳዱ ስር ቀጭን ጨርቅ አስገብታችሁ ለጥፉ። ከዚያ ክፍተቱን በቪኒል መጠገኛ ሙሉና በስስ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክላችሁ በቪኒል ቀለም ሸፍኑት። ከነካችሁት የሚሰነጠቅ ደረቅ ቪኒል ከሆነ ግን በዚህ አትድከሙ። ለስላሳ ያደረገው ማለስለሻ በፀሐይና በሙቀት ወጥቶ አልቋል፤ ቅባት አይመልሰውም።

አፈታቱ

ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። በሩ ውስጥ ኤርባግ ካለ የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅላችሁ የመኪናው መመሪያ የሚለውን ያህል ጊዜ ጠብቁ። ይህን አትዝለሉት።

ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ የሚደበቁት ከክንድ ማሳረፊያው ስር፣ ከመክፈቻው ጀርባና በትንንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ውስጥ ነው። መስኮቱ በእጅ የሚዞር ከሆነ፣ በብዙ መኪኖች ማዞሪያውን የሚይዘው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ቀጭን ሽቦ ነው። በማዞሪያውና በፓኔሉ መሀል ጨርቅ አስገቡ። ጫማ እንደሚወለወለው ግራ ቀኝ ጎትቱት። ጨርቁ ሽቦውን ይዞ ያወጣዋል። ተስፈንጥሮ ስለሚጠፋ አንድ ሰው በእጁ ይጋርድላችሁ።

ጠርዙን ዙሪያውን የያዙት ክሊፖች ናቸው። የፕላስቲክ መፈንቀያውን ልክ ክሊፑ አጠገብ አስገቡ። ራቅ ብላችሁ ከፈነቀላችሁ ክሊፑ ባለበት ይቀርና ሰሌዳው ይቀደዳል። ሁሉም ሲለቁ ፓኔሉን ወደ ላይ አንሱት። ከጀርባው የመስኮትና የመቆለፊያ ሽቦዎች ስላሉ በኃይል አትሳቡ።

ውሃው ከየት መጣ?

በመስታወቱ ላይ የሚወርድ ዝናብ በሩ ውስጥ መግባቱ ያለ ነገር ነው። ከበሩ ታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ፓኔሉን ከዚህ ውሃ የሚከላከለው በብረቱ ላይ የተለጠፈው ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ከተቀደደ ወይም በደንብ ካልተለጠፈ ውሃው በቀጥታ ሰሌዳው ላይ ይፈሳል።

ስለዚህ ቀዳዳዎቹን ከአፈር አጽዱ። ላስቲኩን በአዲስ ቀይሩና በማይደርቅ ቡቲል፣ ማለትም እንደ ሊጥ በሚለጠፍ ማሸጊያ፣ ዙሪያውን ለጥፉት። ከዚያ ከውጭ በኩል በመስታወቱ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱ። ከታች ሲንጠባጠብ ካያችሁና ላስቲኩ በእናንተ በኩል ደረቅ ከሆነ በሩ ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

ሰሌዳው

አሮጌውን ቪኒል ቀስ ብላችሁ ግፈፉ፤ አትጣሉት። የአዲሱ መለኪያ እሱ ነው። ነገር ግን በዕድሜ ስለሚሸማቀቅ በልኩ አትቁረጡ፤ በየጎኑ 5 ሳንቲሜትር ጨምሩ። በላዩ የክር መስመሮች ካሉት አዲሱም ከመለጠፉ በፊት መሰፋት አለበት።

የተጣመመ ሰሌዳን ጀርባውን ትንሽ አርጥቡትና ጠፍጣፋ ነገር ላይ ክብደት ጭናችሁ እስኪደርቅ ተዉት። የበሰበሰ ከሆነ አሮጌውን በላዩ አስቀምጣችሁ ከ3 ሚሊሜትር የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ አዲስ ቁረጡ። የክሊፕ ቀዳዳዎቹን በጥንቃቄ ለኩ፤ ትንሽ ከሳቱ ፓኔሉ አይገጥምም። ጀርባውን ቫርኒሽ ብትቀቡት ውሃን ይቋቋማል።

ማልበስ

አሮጌ ማስቲሽና ስፖንጅ እስኪለቅ ፍቁ። ቪኒል ከስሩ ያለን ጉብታ ሁሉ ያሳያል። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር የሆነ ስስ ስፖንጅ ለጥፉ።

ማስቲሹ ሙቀት የሚችል ይሁን። ፀሐይ ላይ የቆመ ዝግ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ተራው ማስቲሽ በዚህ ሙቀት ይለቃል። ሥራው አየር ባለበትና እሳት በሌለበት ይሁን።

ቪኒሉን ሳትቀቡ በቦታው ዘርጉ። ግማሹን እጠፉት። በታጠፈው ግማሽና በስፖንጁ ላይ በስሱ ቀቡ። አሁን ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ ዋናው ጣታችሁ ነው። ስትነኩት ያዝ አድርጎ ማስቲሹ ጣታችሁ ላይ ካልቀረ ደርሷል። ከመሀል ጀምራችሁ በመዳፋችሁ ወደ ዳር ግፉት፤ አየሩ ይውጣ። ሌላውን ግማሽም እንዲሁ። አንዴ ከነካ ስለማይንቀሳቀስ አትቸኩሉ።

ጎድጓዳው ቦታ ነው ሰውን የሚፈትነው። ቪኒሉን በጉድጓዱ ላይ ወጥራችሁ ካለፋችሁ ለጊዜው ያምራል፤ ፀሐይ ሲመታው ግን ይነሳል። መጀመሪያ ጉድጓዱ ውስጥ አስገቡት። በፀጉር ማድረቂያ አሙቁ፣ በጣት ጫኑ፣ እስኪቀዘቅዝ ያዙ። ከዚያ ወደ ላይ ውጡ።

ትርፉን ወደ ጀርባ አጥፋችሁ ለጥፉ። ማዕዘን ላይ የሚደራረበውን በሹል ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ቆርጣችሁ አውጡ። ስቴፕል ከተጠቀማችሁ ርዝመቱ ከሰሌዳው ውፍረት ይነስ፤ አለበለዚያ ከፊት ይወጣል።

የብሎንና የመክፈቻ ቀዳዳዎችን መጨረሻ ላይ ከጀርባ በትንሽ መስቀል ቅርጽ ብቻ ቅደዱ። ትንሽ ቀዳዳን ማስፋት ይቻላል፤ የሰፋውን ማጥበብ ግን የለም።

አንድ ሙሉ ቀን አሳድሩት። ስትገጥሙ የተሰበሩ ክሊፖችን ቀይሩ፤ ሽቦዎቹን በሙሉ አገናኙና የነቀላችሁትን ባትሪ መልሱ። ክሊፖቹን ከመጫናችሁ በፊት መስኮቱን አውርዳችሁ አውጡ፣ መቆለፊያውን ሞክሩ። በመጨረሻ የላይኛውን ጠርዝ መስታወቱ ስር አሳርፋችሁ ክሊፖቹን አንድ በአንድ በመዳፍ መታ መታ አድርጉ።