ራፐር ለመሆን የሚነሱ የወሎ ልጆች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ግድግዳዋን በስፖንጅ ለብጬ፣ አንድ ማይክና አንድ ኮምፒውተር አስገብቼ ልጆች እቀዳባታለሁ። ከሐይቅም ከኮምቦልቻም ይመጣሉ። ብዙዎቹ የአትላንታውን ራፐር ያንግ ተግን ይወዱታል። የታሰረበትን ጉዳይም ያነሱታል፤ የሚያወሩት ግን እንደ ጀብዱ ነው። ይሄ ያሳስበኛል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች ልጻፍላችሁ።

«ታስሮ ነው የገነነው» ማለት

አይደለም። ጄፈሪ ዊሊያምስ (እውነተኛ ስሙ ነው) እ.ኤ.አ. ግንቦት 2022 ሲያዝ ስሙ ጣራ ነክቶ ነበር። በ2019 እና በ2021 ያወጣቸው አልበሞች በአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበም ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጥተዋል። የግራሚ ሽልማትም ነበረው። እስሩ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ከመድረክ አራቀው እንጂ የጨመረለት ነገር የለም። የኒውዮርኩ ቦቢ ሽሙርዳ ደግሞ የባሰ ገጠመው። በ2014 አንድ ዘፈኑ ዓለምን አዳረሰ፤ ዓመቱ ሳያልቅ ተያዘ። የወጣው በ2021 ነው። ያ ሁሉ ሞቅታ ስድስት ዓመት ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።

«ነፃ ተባለ» ብሎ ማውራት

ይሄንን በጣም እሰማዋለሁ። ያንግ ተግ ነፃ አልተባለም። በጥቅምት 2024 መጨረሻ ከጦር መሣሪያ፣ ከአደንዛዥ ዕፅና ከወንበዴ ቡድን ጋር በተያያዙ ክሶች ጥፋተኛ ነኝ አለ። የወንጀል ቡድን መርተሃል የሚለውን ጨምሮ ሁለቱን ክሶች ደግሞ አልከራከርም አለ። የታሰረበት ጊዜ ተቆጥሮለት፣ ለ15 ዓመት ከእስር ውጭ ሆኖ በፍርድ ቤት ገደብና ክትትል ሥር እንዲቆይ ተወስኖበት ወጣ። ከገደቦቹ አንዱ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት፣ ከተፈቀዱለት አጋጣሚዎች በስተቀር፣ ከአትላንታና አካባቢዋ እንዲርቅ ነው። እስቲ አስቡት፤ ደሴ ተወልዶ፣ ስለ ደሴ ዘፍኖ፣ ደሴ እንዳይገባ የተከለከለ ልጅ!

«ግጥም እኮ ነው» ብሎ መተማመን

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በዚያ ክስ ዐቃቤ ሕግ የራፕ ግጥሞችን በማስረጃነት አቅርቧል። ዳኛውም 17 የግጥም ክፍሎች በቅድመ ሁኔታ ለዳኝነት ሸንጎው እንዲሰሙ ፈቅደው ነበር። ግጥም ፈጠራ ነው፣ ማስረጃ መሆን የለበትም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ካሊፎርኒያ በ2022 ይህን አሠራር የሚገድብ ሕግ አውጥታለች። አትላንታ ባለችበት በጆርጂያ ግዛት ግን ያንግ ተግን ያዳነው እንዲህ ያለ ሕግ አልነበረም።

እኛ ጋ ደግሞ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ብሔርን ወይም ሃይማኖትን መነሻ አድርጎ ጥላቻ መቀስቀስ እስከ 2 ዓመት እስር ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ያስቀጣል። በንግግሩ የተነሳ ጥቃት ከደረሰ ቅጣቱ ይከብዳል። ቢቱ (ከግጥሙ ሥር የሚሄደው ምት) ስለሞቀ ብቻ የሚቀርላችሁ ነገር የለም።

ሕጉ ባይኖርስ? ወሎ ነን እኮ። አያቱ ሐጂ፣ የአክስቱ ልጅ ዲያቆን የሆነ ልጅ እዚህ ብርቅ አይደለም። ሰርጋችን ላይ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ታርዶ ባንድ ዳስ ነው የሚበላው። በአንድ ስንኝ የአንዱን ወገን ስትሰድቡ የራሳችሁን ዘመድ ነው የምትነኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቲክቶክ ላይ ከወጣማ ብታጠፉትም ሌላው አስቀርቶታል።

አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ባላንጣውን ከነስሙ፣ ከነሰፈሩ ጠርቶ «አቃጥልሃለሁ» የሚል ዲስ (ባላንጣን የሚዘልፍ ራፕ) ይዞ መጣ። አልቀዳም አልኩት። አኮረፈ። ቡና አፈላንና እስከ በረካ አወራን። አያቶቻችን በአምባሰል ዜማ ሰው ሲወርፉ ስም አይጠሩም ነበር። ሰሙ ስለ ገደል፣ ወርቁ ስለ ሰውየው ነው። የተወረፈው ሰው ግን ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደውም። እንዲህ ያለ ሀብት ይዘን የሰው አገር ዛቻ መዋሳችን ያንገበግበኛል።

በጠመንጃ ክሊፕ መሥራት

ገጠር ውስጥ መሣሪያ የቤት ዕቃ ያህል የተለመደ መሆኑን አውቃለሁ። ግን መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ይጠይቃል፤ የአጎት ጠመንጃ ለቀረጻ ብሎ መዋስ ፈቃድ አይሆንም። በዚህ ዘመን ደግሞ መሣሪያ ይዞ የታየ ወጣት በምን እንደሚጠረጠር ለወሎ ሰው አይነገርም። ሊል ዌይን በ2010 ኒውዮርክ ውስጥ 8 ወር የታሰረው በመሣሪያ ነው፤ ያውም የፈለገውን ጠበቃ መቅጠር እየቻለ። የጦሳን ተራራ ከጀርባ አድርጋችሁ ቅረጹ፤ ከእሱ የበለጠ ዕቃ አያስፈልግም።

ለጓደኛ ብሎ ስም ማዋስ

ያንግ ተግ ዋይ ኤስ ኤል የሙዚቃ ድርጅቴ ነው ይል ነበር። ዐቃቤ ሕግ ደግሞ የወንበዴ ቡድን ነው ብሎ 28 ሰው በአንድ ክስ አስገባ። ከክሱ ነጥቦች አንዱ በ2015 ለተፈጸመ ግድያ የዋለውን መኪና በስሙ ተከራይቷል የሚል ነበር። እኛ ጋ መኪና ባይሆንም ሲም ካርድ አለ። የቴሌብር ቁጥር አለ። መታወቂያ አለ። በስማችሁ የወጣ ሲም ለ«ጀለስ» አትስጡ። ሲጣራ የሚመጣው ስማችሁ ነው።

ሳያነቡ መፈረም፣ የሰው ድምፅ ቆርጦ መጠቀም

በዚህ እኔ ራሴ ተቃጥያለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ አሳታሚ ያቀረበልኝን ወረቀት ሳላነብ ፈረምኩ። የአራት ዘፈን ቅንብሬ ዛሬም የእኔ አይደለም። ገንዘቡን እንኳ ተውኩት፤ ስሜ አለመጠቀሱ ነው እስካሁን የሚያመኝ።

ሌላውን ደግሞ እናንተ ታደርጉታላችሁ። የትዝታ፣ የባቲና የአምባሰል ቅኝቶች የሁላችንም ናቸው፤ በእነሱ አዲስ ዜማ ሥሩ፣ ማንም አይከለክላችሁም። አንድ ድምፃዊ የተጫወተውን ካሴት ቆርጦ ቢት ማድረግ ግን ፈቃድ ይፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ወራሾቹን ፈልጉ። ብዙዎቹ «እንኳን አስታወሳችሁን» ይላሉ።

የፍርድ ቤት ገደብን መናቅ

የፊላደልፊያው ሚክ ሚል በ2008 የተፈረደበት ጉዳይ አሥር ዓመት ተከትሎታል። በ2017 ገደብ ጥሰሃል ተብሎ እንደገና ታሰረ፤ ከተነሱበት ነገሮች አንዱ መንገድ ላይ በሞተር ሳይክል መጫወቱ ነው። በዋስ የወጣችሁ ልጆች፣ ቀጠሮ አትቅሩ። የፈረመላችሁን አጎት አስቡ።

ተይዞ ብዙ መናገር

ይህ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ሕገ መንግሥቱ ዝም የማለት መብት ይሰጣል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብም መብታችሁ ነው። ከተፈታችሁ በኋላም ጉዳዩ ሳያልቅ ላይቭ ገብታችሁ አትተንትኑ፤ መጀመሪያ ጠበቃ አናግሩ።

ያ የኮምቦልቻ ልጅ ኩርፊያውን ትቷል። ዲሱን በባቲ ቅኝት እንደ አዲስ እየጻፈው ነው፤ ስም የለበትም፣ ዛቻም የለበትም። ቅዳሜ ልንቀዳው ተቀጣጥረናል፤ ሁለተኛውን ቨርስ ገና አልጨረሰም።