የነጭ ዓሣ ጥብስ፦ እሾሁ እንዳያስቸግር አድርጎ እንዴት ይዘጋጃል?

ከጎርጎራ ወደ ጎንደር የሚመጣውን ነጭ ዓሣ «እሾሁ ይበዛል» ብሎ የሚተወው ሰው ብዙ ነው። ያሳዝነኛል፤ ሥጋው ጣፋጭ ነው። የእሾሁ መላ ደግሞ ቢላዋው ላይ ነው።

መጀመሪያ ዓሣውን ለዩ። አምባዛ ቅርፊት የለውም። ነጭ ዓሣ ግን የካርፕ ወገን ነውና ትልልቅ ቅርፊት አለው፤ ከአፉ ዳርም አጫጭር ጢሞች ይታያሉ። ከወንዝና ከሐይቅ ወለል ምግቡን የሚለቅመው በእነሱ እየዳሰሰ ነው። ስንጥቡን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፣ ደማቅ ቀይ ይሁን። ሥጋው ሲጫኑት ቶሎ ይመለስ።

በክረምት፣ በተለይ ነሐሴና መስከረም ላይ፣ ባትገዙት እመርጣለሁ። ከጣና ሐይቅ የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ብዙዎቹ እንቁላል ሊጥሉ እንደ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወዳሉ ወንዞች የሚወጡት ያኔ ነው። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ከተዘረጋባቸው እንቁላል ሳይጥሉ ያልቃሉ። ጣና ውስጥ ካሉት ዓይነቶች ከ10 የሚበልጡት ደግሞ ሌላ የትም የሉም። ለፍልሰታ ዓሣ የምትበሉ ቆሮሶ ግዙ።

ቅርፊቱን በቢላ ጀርባ ከጅራት ወደ ራስ ፋቁ። ሆዱን ስትከፍቱ ሐሞቱ እንዳይፈነዳ ተጠንቀቁ፣ ሥጋውን ያመርረዋል። እንቁላል ካለው ጣሉት። አውሮፓ ያለው ዘመዱ፣ ባርቤል የሚባለው፣ እንቁላሉ መርዝ ነው፤ እዚህም መጠንቀቁ አይከፋም።

አሁን ዋናው ሥራ። የሚያስቸግሩት ቀጫጭን እሾሆች ከጀርባ አጥንቱ ጋር አልተያያዙም፤ ሥጋው መሀል እንደ ባላ ተሰንጥቀው የተቀመጡ ናቸው። ስለዚህ የጀርባ አጥንቱን ብታወጡም እነሱ አይወጡም። ቢላችሁን በደንብ ሳሉ። ከራሱ ጀርባ ጀምራችሁ እስከ ጅራቱ፣ ጎኑን በየ3 ሚሊ ሜትሩ ወደ ጀርባ አጥንቱ ድረስ ብጡት። ትክክል ስትሠሩ እሾሁ ሲቆረጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ድምፁ ከጠፋ ቢላው ጠልቆ አልገባም ማለት ነው። ወደ ጅራቱ እሾሁ ስለሚበዛ እዚያ ጋ አትቸኩሉ። ሌላውንም ጎን እንዲሁ አድርጉ።

በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ጨው፣ ሎሚና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ብጣቱ ውስጥ እሹበት። ለጥቂት ደቂቃ አቆዩትና ዱቄት ነስንሱበት።

ዘይቱ ዓሣውን የሚሸፍን ይሁን። ቆንጠር አድርጋችሁ ዱቄት ስትጥሉበት ወዲያው ከተንጫጫ ደርሷል። ወርቃማ እስኪሆን ጥበሱት፣ አውጡት፣ ትንሽ ይረፍ። ከዚያ ለአጭር ጊዜ መልሳችሁ ጣሉት። ሁለተኛው ጥብሳት የተቆራረጠውን እሾህ ኩርሽም የሚል ያደርገዋል። ለልጆች ግን በእጃችሁ እየፈተሻችሁ ስጡ።

በአዋዜና በቃሪያ፣ በትኩስ እንጀራ ይበላል። ራሱን አትጣሉ፤ ስንጥቡን አውጥታችሁ በሽንኩርትና በቲማቲም ቀቅሉት፣ ሾርባውን በወንፊት አጥልሉት።