ሞተራችሁ ፌሪንግ ከለበሰ በኋላ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ፌሪንግ (ንፋስ የሚከልል የፊት ፕላስቲክ ሽፋን) የሌለው ሞተር ከተማ ውስጥ ምንም አይጎድለውም። ጉድለቱ የሚታወቀው ሞጆን አልፎ ወደ መቂ ሲነዳ ነው። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ንፋሱ ደረት ላይ ነው፣ ዝዋይ ሲደረስ አንገትና ትከሻ አልቋል። ስለዚህ ብዙ ሞተረኛ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ የፊት ፌሪንግ ይፈልጋል፣ ስታፋ (ፌሪንጉን የሚይዝ ብረት) ያስበይዳል፣ ያስገጥማል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። «መሪው ይንቀጠቀጣል»፣ «ሄልሜቴን ይደበድበዋል»፣ «ፍሬቻው አበደ»።

ሐሳቡ ራሱ ጤነኛ ነው። የባጃጅ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2019 ፑልሳር 180 ሞተሩን እንደ ታላቅ ወንድሙ ፑልሳር 220ኤፍ ያለ የፊት ፌሪንግ አልብሶ 180ኤፍ ብሎ ሸጦታል። ልዩነቱ ፋብሪካው ስታፋውንም ሽቦውንም አብሮ አስቦበት መሥራቱ ነው። እኛ ጋ ግን ፕላስቲኩ ይገዛና ስታፋው በግምት ይበየዳል። ችግር ሲመጣ ታዲያ ፕላስቲኩን ከመውቀሳችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የተንጠለጠለው ምን ላይ ነው? የሚያዞረው ንፋስስ የት ይሄዳል?

የመጀመሪያውን ለማወቅ ሞተሩን አቁማችሁ መሪውን ግራና ቀኝ አዙሩ። ፌሪንጉ አብሮ ከዞረ የታሰረው መሪው ወይም ፎርኬላው (የፊት ጎማውን የያዘው ሹካ) ላይ ነው። ባለበት ከቀረ ቴላዮው (የሞተሩ ዋና የብረት አካል) ላይ ነው። ሁለቱም ይሠራሉ። ሃርሊ ዴቪድሰን ራሱ ኤሌክትራ ግላይድን በመጀመሪያው፣ ሮድ ግላይድን በሁለተኛው መንገድ ሠርቷቸዋል። ግን የሃርሊው ክብደትና የኛው 150 ሲሲ አንድ አይደለም። ቀላል ሞተር ላይ መሪ ላይ የሚታሰር ነገር ትንሽና ቀላል መሆን አለበት። ትልቅ ፌሪንግ ከሆነ ቦታው ቴላዮው ነው።

ሄልሜት ይደበደባል፣ ድምፁ ከበፊቱ ባሰ

በጣም የሚያናድደው ይሄ ነው። ሰው ንፋስ ሽሽት ገንዘብ ያወጣል፣ ደረቱ ያርፋል፣ ጭንቅላቱ ግን ይናጣል። ፌሪንግ ሳይኖር የሚመጣው ንፋስ ኃይለኛ ቢሆንም ወጥ ነው። የፌሪንጉ መስታወት (ከላይ ያለው ብርሃን አሳላፊ ፕላስቲክ) ከተገጠመ በኋላ ንፋሱ የመስታወቱን የላይኛ ጠርዝ ሲለቅ ይሰባበርና ይሽከረከራል። ያ የተሰባበረ ንፋስ የሚያርፍበት ቦታ ሄልሜታችሁ ከሆነ መደብደቡ አይቀርም። በዚያ ላይ ከመስታወቱ ጀርባ የአየር ግፊቱ ዝቅ ይላል። ጀርባችሁን ከኋላ የሚገፋ ነገር ያለ የሚመስላችሁም ለዚህ ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። መኪና የማይበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በመደበኛ ፍጥነታችሁ እየነዳችሁ፣ እጃችሁን ከመሪው ሳታነሱ፣ የእግር መርገጫው ላይ ትንሽ ከፍ በሉ። ድምፁ ወዲያው ከጠራ ጭንቅላታችሁ ከተሰባበረው ንፋስ በላይ ወጥቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ደግሞ ጎንበስ በሉ። ጎንበስ ስትሉ ከጠራ ከጠርዙ በታች ገብታችኋል። ሁለቱም ካላስተካከሉት የጠርዙ ጉዳይ ላይሆን ይችላልና ከግራና ከቀኝ የሚመጣውን ንፋስ ጠርጥሩ።

ሰው ሁሉ የሚሮጠው ረጅም መስታወት ወደ መግዛት ነው። እኔ በተቃራኒው እመክራለሁ። መጀመሪያ መስታወቱን ብቻ ፈትታችሁ ንዱት። ከሻለ መልሱ ማሳጠር ነው፦ ንፋሱ ሄልሜቱን ትቶ ትከሻና የላይኛው ደረት ላይ ይረፍ። ሁለተኛው ሙከራ ደግሞ ከመስታወቱ ታች ክፍተት መተው ነው። በመስታወቱና በፌሪንጉ መሃል፣ ቡሎኖቹ ላይ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲሜትር የሚሆን የፕላስቲክ ቱቦ ቆርጣችሁ አስገቡ። በዚያ ክፍተት የሚገባው ንፋስ ከጀርባ ያለውን ዝቅተኛ ግፊት ይሞላዋል። ብዙ ጊዜ ይሄ ብቻውን ነገሩን ግማሽ ያቀለዋል፣ ወጪውም ቡሎን ማስረዘም ብቻ ነው።

መቁረጥ ከመጣ የሚቆረጠውን መስመር በስኮች ሸፍኑት፣ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ መጋዝ ቀስ ብላችሁ ሂዱ። ከፈጠናችሁ ፕላስቲኩ ይሞቅና ከመጋዙ ኋላ መልሶ ይጣበቃል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። የመጨረሻ ቁመቱ ዓይናችሁ በላዩ አሻግሮ መንገዱን የሚያይበት ይሁን። በመስታወት ውስጥ አሻግሮ መንዳት ክረምት ላይ፣ ጭቃና ጭጋግ ሲመጣ፣ ያስፈራል። ሄልሜት ቢያንስ በጓንት ይጠረጋል፣ መስታወቱን ግን እየነዱ አይጠርጉትም።

መሪው ይርገበገባል፣ ሞተሩ ይዋኛል

ሁለት ዓይነት ነው፣ አትቀላቅሏቸው። አንደኛው ፈጣን ነው። መሪው እጅ ውስጥ ቶሎ ቶሎ ግራ ቀኝ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ነዳጅ ሲቀነስ ይመጣል። ሁለተኛው ዝግ ያለ ነው። ሞተሩ ከነኋላው በሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፣ የሚመጣውም ፍጥነት ሲበዛ ነው።

ፈጣኑን ፌሪንጉ ያባብሰዋል እንጂ ብዙ ጊዜ የሚፈጥረው እሱ አይደለም። ድሮም የነበረ ድክመት ነው ክብደት ሲጨመርበት የወጣው። የፊት ጎማውን ነፋስና ባላንስ እዩ። ከዚያ የመሪውን ኩሽኔታ። የፊት ጎማው ከመሬት እንዲነሳ ሞተሩን አስደግፉና ፎርኬላውን ከታች ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉ፣ ሳቡ። «ቋ» የሚል ነገር ጣታችሁ ላይ ከተሰማ ላልቷል። ቀጥሎ መሪውን በአንድ ጣት ቀስ ብላችሁ ከግራ ወደ ቀኝ አዙሩት። ልክ መሃል ላይ፣ ቀጥ ሲል፣ ጎድጓዳ ውስጥ እንደገባ ያዝ ካደረገ ኩሽኔታው ተበልቷልና ማጥበቅ አያድነውም፣ ይቀየራል።

ዝግ ያለው መዋኘት ግን የፌሪንጉ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ መሪ ላይ ከታሰረ። ንፋሱ መስታወቱን በገፋ ቁጥር መሪውን ያዞራል። የንፋስ ግፊት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ከ50 ወደ 100 ስትገቡ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከተማ ውስጥ ምንም የማይል ፌሪንግ ሜዳ ላይ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። ከፍታውም አለበት። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። መተሃራ ቆላ ስለሆነች አየሩ ወፍራም ነው፣ በዚያው ፍጥነት የበለጠ ይገፋል። ሙከራችሁን ቀለበት መንገድ ላይ ብቻ አድርጋችሁ «ተስተካክሏል» አትበሉ።

ከኋላ የዴሊቨሪ ሳጥን ካለ ጥርጣሬው እጥፍ ነው። ሳጥኑ ክብደቱን ወደ ኋላ ይወስዳል፣ የፊት ጎማው ይቀልለዋል፣ ፊት ላይ ደግሞ ሸራ የሚያህል ነገር ተሰቅሏል። ባዶውን ሞክሩት። ሳጥኑ ሲወርድ ከተወ ዕቃውን ቀንሱ፣ የኋላ ጎማውን ነፋስ ለጭነት በሚባለው ልክ ሙሉ። አሁንም ከቀጠለ ፌሪንጉን ወደ ቴላዮው አዛውሩት። ዘላቂው መፍትሄ ይሄ ነው። እየነዳችሁ ከጀመራችሁ ግን ፍሬን አትርገጡ፣ መሪውንም ሙጭጭ አድርጋችሁ አትያዙት። ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ቀንሱ፣ ደረታችሁን ወደ ፊት አስጠጉ።

የጎን ንፋስ ለብቻው ነው። አዳማ ላይ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በከንቱ አይደለም። ተሳቢ መኪና ስትቀድሙ ከጎኑ ወጥታችሁ ንፋሱ ድንገት ሲያገኛችሁ ትልቅ ፌሪንግ ሞተሩን አንድ ክንድ ያህል ሊያሸሸው ይችላል። በ1950ዎቹ የውድድር ሞተሮች የፊት ጎማውን ጭምር የሚውጥ ፌሪንግ ነበራቸው፣ በጣም ይፈጥናሉ፣ የጎን ንፋስ ግን ይጫወትባቸው ነበር። የዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽን ከ1958 የውድድር ዘመን ጀምሮ አገዳቸው። እናንተም የፊት ጎማውን ጎን የሚሸፍን ነገር አታስገጥሙ።

መሪው ሲዞር ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ይላል

ይሄን ሳትፈቱ ከጋራዥ አትውጡ። ሞተሩን አስነስታችሁ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ መሪውን እስከ ጥጉ ግራ ከዚያ ቀኝ አዙሩ። ድምፁ ከጨመረ የነዳጁ ካቦ ተወጥሯል ወይም ስታፋው ጨምቆታል። ዩ ተርን ላይ ሞተሩ በራሱ ይወነጨፋል ማለት ነው። ካቦውን ፍቱና ከስታፋው ጀርባ፣ ሰፋ ባለ ዙር፣ መልሳችሁ አስኪዱት። የፍሪሲዮን ካቦውንና የፍሬን ቱቦውንም በዚያው እዩ፣ የሚፈትጋቸው ነገር መኖር የለበትም። መሪው ራሱ ወይም ጣታችሁ ፌሪንጉን የሚነካ ከሆነ ፌሪንጉ ወደ ፊት ይሂድ። መሪው እንዳይዞር የሚያግድ ነገር ማስገባት መፍትሄ አይደለም።

መብራትና ፍሬቻ

መብራቱን ቴላዮ ላይ ወዳለ ፌሪንግ ካዛወራችሁት ጥምዝ ላይ መሪውን ተከትሎ አይዞርም። ብልሽት አይደለም፣ ጠባዩ ነው፣ ሌሊት ግን እስኪለመድ ያስደነግጣል። ከፊት የሚመጣው ሁሉ መብራት የሚያብለጨልጭባችሁ ከሆነ ደግሞ ከፍ ብሏል። ሞተሩ ላይ ተቀምጣችሁ ከግድግዳ 5 ሜትር ራቁ። የአጭሩ መብራት የላይኛው ጠርዝ ከመብራቱ መሃል 5 ሳንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መታየት አለበት።

ፍሬቻው ቶሎ ቶሎ የሚል ከሆነ አዲሱ ኤልኢዲ ነው። የድሮው አምፖል 10 ዋት ገደማ ይስባል፣ ኤልኢዲው በጣም ጥቂት። ሬሌው (ፍሬቻውን የሚያበራና የሚያጠፋው ዕቃ) አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። ለኤልኢዲ የሚሆን ሬሌ ቀይሩ። አንዳንድ ኤሌክትሪሺያን ሬዚስተር ይጨምርበታል። ይሠራል፣ ግን ይግላልና ፕላስቲክ አጠገብ አይታሰር።

ፊውዝ የሚበጠሰው መሪው ሲዞር ብቻ ከሆነ መፈለጉ ቀላል ነው፦ አንገቱ ጋ የተቆነጠጠ ሽቦ አለ። ፈትታችሁ ናስትሮ ጠቅልሉበት፣ ዘለግ አድርጋችሁ መልሱት። ፌሪንጉ ከነመብራቱ ከሌላ ሞተር የመጣ ከሆነ አምፖሉንም አንብቡ። ሞተራችሁ ለ35 ዋት የተሠራ ሆኖ 60 ዋት ከገባበት ሽቦውና ማብሪያው የሚሸከሙት ከ3 አምፔር ወደ 5 አምፔር ይወጣል። መጀመሪያ የምታዩት የቀለጠ ሶኬት ነው።

ይንጫጫል፣ ይሰነጠቃል

ስንጥቁ የት እንደጀመረ እዩ። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከቡሎኑ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ልክ ቡሎኑን የሚያህል ከሆነ ፕላስቲኩ በፀሐይ ሲለጠጥ የሚሄድበት የለውም። የባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ንዝረት ሲጨመርበት ይቀደዳል። ቀዳዳው ከቡሎኑ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ይስፋ። በሁለቱም በኩል ጎሚኒ ይግባ፣ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠም ይሆናል። በላዩ ሰፊ ሮንዴላ። ዳዶው ጎሚኒውን ትንሽ እስኪጨምቀው ብቻ ይጥበቅ። ከእኛ ጋራዦች ያየሁት ትልቁ ጠላት በኃይል ማጥበቅ ነው። ቡሎን እንዳይፈታ የሚቀባው ሎክታይትም ፕላስቲክ ላይ ከፈሰሰ ያደርቀውና ያሰነጥቀዋል፣ በእሱ ፋንታ ባለ ናይለን ዳዶ ተጠቀሙ።

የተሰነጠቀውን ለማቆም የስንጥቁ ጫፍ ላይ 3 ሚሊሜትር ቀዳዳ በትራፓኖ ብሱ። ከዚያ ከውስጥ በኩል ፕላስቲኩ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ ፈልጉ። ኤቢኤስ ከሆነ አሴቶን ያሟሟዋል። ከዚያው ዓይነት ስብርባሪ ጥቂቱን አሴቶን ውስጥ ስታቆዩት እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ከውስጥ በኩል ሙሉበት። ከእሳት ራቅ ብላችሁ፣ አየር ባለበት ሥሩ። አሴቶን ጠብ አድርጋችሁ ካልተጣበቀ ኤቢኤስ አይደለም፣ በሙቀት ነው የሚበየደው። ፋይበር ከሆነ ደግሞ ከውስጥ በፋይበርና በሬዚን ይለጠፋል።

ስታፋው በየጊዜው የሚሰበር ከሆነ የተያዘበት ነጥብ አንሶታል። ሁለት ቦታ የተያዘ ስታፋ ይወዛወዛል፣ ሦስተኛ ይጨመርለት። ቴላዮው ላይ ግን አትበይዱ። ያሉትን የቡሎን ቀዳዳዎች ወይም ማቀፊያ ተጠቀሙ።

ሞተሩ ይሞቃል

ይሄ አጭር ነው። ቦክሰርም ሆነ አፓቼ 160 በአየር የሚቀዘቅዙ ናቸው። የፊት ጎማው ፊት ቁጢጥ ብላችሁ ሲሊንደሩን እዩ። ክንፎቹ ካልታዩ የታችኛውን የፌሪንግ ክፍል አውልቁት። የዘይት ማቀዝቀዣ ካለም አይሸፈን።

መስታወቱ ደመና ለበሰ

ከተወለወለበት ነገር ነው። ቤንዚን፣ አሴቶን ወይም አሞኒያ ያለበት የመስኮት ማጽጃ ፖሊካርቦኔትን በደቃቅ ስንጥቅ ይሞላዋል፣ ከፀሐይ ፊት ለፊት ስትነዱ ሙሉ በሙሉ ነጭ ይሆናል። በውኃና በሳሙና፣ በለስላሳ ጨርቅ ብቻ እጠቡት። አቧራውን መጀመሪያ ውኃ ያውርደው፣ ደረቁን ከጠረጋችሁት ይቧጨራል። ጭረት ብቻ ከሆነ በፖሊሽ ይሻላል። በቤንዚን የተበላ ግን አይመለስም፣ ይቀየራል።